ካርቡሬተር፣ ኢንጀክሽን ወይስ ናፍጣ? ለትንሽ አውሮፕላን ሞተር ሲመርጡ በረዶን ማሰብ

ትንሽ አውሮፕላን ለመግዛት፣ ለመከራየት ወይም በረራ ለመማር የሚያስብ ሰው ስለ ዋጋው፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ መቀመጫው ብዛት አጥብቆ ይጠይቃል። ሞተሩ አየር የሚስበው በየት በኩል እንደሆነና ያ መንገድ በበረዶ ቢጠብ ምን እንደሚከተል የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከዋጋው እኩል አስቀምጠዋለሁ። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ሞተሩ አየር ካጣ የሚተካው ሌላ የለም፤ በረዶ አየሩን የሚዘጋበት መንገድ ደግሞ ከሞተር ሞተር በጣም ይለያያል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉትን ዋና ዋና ምርጫዎች በዚህ ዓይን ብቻ እመለከታቸዋለሁ።

አስቀድሞ ሁለት ዓይነት በረዶ መለየት አለበት። አንዱ በክንፍ፣ በጅራትና በፕሮፔለር ላይ የሚጋገረው ነው። እሱ እንዲፈጠር አየሩ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሆን፣ ደመና ወይም ዝናብም መኖር አለበት። ይህን በረዶ የትኛውም የሞተር ምርጫ አያስቀረውም፤ አብዛኞቹ የሥልጠና አውሮፕላኖችም በበረዶ ውስጥ እንዲበሩ የተፈቀዱ ስላልሆኑ ጨርሶ ወደዚያ መግባት የለባቸውም። ሁለተኛው በሞተሩ የአየር መንገድ ውስጥ የሚፈጠረው ነው። ይህኛው ደመናም ሆነ ብርድ ሳይጠብቅ፣ እርጥበት ብቻ ካገኘ በጠራ ሰማይ ሊፈጠር ይችላል። አብራሪዎችን ሳያስቡት የሚይዛቸውም ይኸው ነው።

ካርቡሬተር፦ በሽታውም መድኃኒቱም የታወቀ

ካርቡሬተር አየርንና ቤንዚንን የሚቀላቅለው የሞተሩ ክፍል ነው፤ በውስጡ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛልም። እዚያው ላይ ቤንዚኑ ይገባል፤ ቤንዚን ወደ ትነት ሲለወጥ፣ አልኮል እጅ ላይ ሲፈስ እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ የአየሩ ሙቀት በቅጽበት እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሊወርድ ይችላል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በጉሮሮው ግድግዳና በአየር መቆጣጠሪያው ሳህን ላይ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል፣ መንገዱም እየጠበበ ይሄዳል።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች በሚሰጠው ትምህርት መሠረት፣ ይህ በብዛት የሚከሰተው የውጭው ሙቀት ከ21 ዲግሪ በታች፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ነገር ግን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ደርሶ፣ እርጥበቱም 50 በመቶ ብቻ ሆኖ በረዶ ሊፈጠር ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች በቃል መያዝ ይጠቅማል። ማንም ሰው በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በሸሚዝ እየበረረ፣ ሞተሩ ውስጥ በረዶ አለ ብሎ አይጠረጥርም። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የደኅንነት ማስታወቂያ ከ1998 እስከ 2007 ድረስ የካርቡሬተር በረዶ መንስኤ ወይም አስተዋጽኦ አድራጊ የሆነባቸው 212 አደጋዎች እንደነበሩና ከእነሱ 13ቱ ሕይወት የጠፋባቸው መሆናቸውን ገልጿል። ከእነዚህ አደጋዎች ብዙዎቹ አንድ እጀታ በጊዜ በመሳብ ሊቀሩ ይችሉ እንደነበር ማሰብ ያንገበግባል።

ምልክቱ እንደ ፕሮፔለሩ ዓይነት ይለያል። የፕሮፔለሩ ምላጮች ማዕዘን ቋሚ ከሆነ የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ዙሩን ራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ግን ዙሩ አይነቃነቅም፤ የሚወርደው የመምጠጫ ቱቦው ግፊት ነው፤ ዙሩን ብቻ የሚመለከት አብራሪ አያየውም። በሁለቱም ኋላ ላይ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አወራረዱ ዝግ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስበው የጉልበት መቆጣጠሪያውን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ምልክቱን ራሱ ይሸፍነዋል። ለማረፍ በዝቅተኛ ጉልበት ሲወረድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የአየር መቆጣጠሪያው ሳህን ሊዘጋ ጥቂት ስለቀረው ትንሽ በረዶ ይበቃዋል፤ ሞተሩ ቀድሞውኑ ዝግ ብሎ ስለሚሠራ የጉልበቱ መቀነስ አይታወቅም። አብራሪው ማረፉን ትቶ እንደገና ለመነሳት ጉልበት ሲሰጥ ብቻ ሞተሩ እንደማይታዘዝ ያውቃል። ያን ጊዜ ደግሞ መሬት ቅርብ ነው።

መድኃኒቱ የካርቡሬተር ማሞቂያ ነው። እጀታው ሲሳብ በማርሚታው ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሦስት ነገሮች ካልታወቁ አብራሪውን ያሳስታል። ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ማሞቂያው ሲከፈት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም እስከ 15 በመቶ ድረስ። በረዶ ካለ ደግሞ ሲቀልጥ ውሃው ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚገባ ሞተሩ ከበፊቱ የባሰ ያንገጫግጫል፣ ያስላል። እዚህ ላይ የፈራ ሰው እጀታውን መልሶ ይዘጋል፤ ይህ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስህተት ነው። ማሞቂያው እየሠራ ስለሆነ ነው ሞተሩ የሚያስለው፤ ታግሶ ክፍቱን መተው ይገባል፤ በረዶው ሲያልቅ ዙሩ ተመልሶ ይወጣል። ሦስተኛው፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከማርሚታው ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት እያጣ በሄደ ቁጥር መድኃኒቱም እየደከመ ይሄዳል። ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚሳብ እጀታ የሚያመጣው የቀረውን ጥቂት ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ እንደመጣ ወዲያውኑ፣ ሙሉ በሙሉ።

ሙሉ በሙሉ ያልኩበት ምክንያት አለ። አየሩ በጣም ቀዝቃዛ ሲሆን እርጥበቱ ደረቅ የበረዶ ቅንጣት ሆኖ ሳይለጠፍ ሊያልፍ ይችላል፤ ማሞቂያውን በግማሽ መክፈት ያንን አየር በትክክል ወደሚለጠፍበት ሙቀት ያመጣዋል። በካርቡሬተሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ብቻ በከፊል ሊጠቀም ይችላል። ይህን መለኪያ ዋጋው ከሚሰጠው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ካየሁት ሁሉ የተሻለ ተጨማሪ ዕቃ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በካርቡሬተር ሞተሮች መካከልም ልዩነት አለ፤ ሻጮች ስለሱ ብዙ አይናገሩም። በሴስና 150 ላይ ያለው ኮንቲኔንታል ኦ-200 ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ በበረዶ የታወቀ ነው። በብዙ ሴስና 172 እና ፓይፐር ቼሮኪ ላይ ያለው ላይካሚንግ ኦ-320 ካርቡሬተሩ ከዘይት መያዣው ሥር ተያይዞ ስለተሠራ ከሞቀው ዘይት ሙቀት ይወስዳል፤ በረዶ ይቀንስለታል እንጂ አይቀርለትም። የመመሪያዎቹ ምክር የሚለያየውም ከዚህ የተነሳ ነው። የቆዩት የሴስና መመሪያዎች ለማረፍ ጉልበት ከመቀነሱ በፊት ማሞቂያውን ክፈት ይላሉ፤ የፓይፐር ግን ሲያስፈልግ ብቻ ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር አብራሪ የበፊቱን ልማድ ይዞ ከመሄድ ይልቅ የያዘውን አውሮፕላን መመሪያ ማንበብ አለበት።

ኢንጀክሽን፦ ዋናውን በሽታ የሚያስቀር

ነዳጁ በካርቡሬተር ጉሮሮ ውስጥ ሳይሆን እያንዳንዱ ሲሊንደር አፍ ላይ ሲረጭ፣ ትነቱ የሚያቀዘቅዘው ቦታ በሞተሩ ሙቀት የተከበበ ነው። በትነት የሚመጣው በረዶ በዚህ ይቀራል። ሴስና 172ን ማምረት እ.ኤ.አ. በ1986 አቁሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ የመረጠው ይህንኑ ነው፤ 172 አር እና 172 ኤስ ላይካሚንግ አይኦ-360 ሞተር አላቸው፣ የካርቡሬተር ማሞቂያ እጀታም የላቸውም።

የሚቀረው አደጋ በአየር ማጣሪያው ላይ የሚጋገር በረዶ ነው። እርጥብ በረዶ በሚዘንብበት ወይም ከዜሮ በታች በሆነ ደመና ውስጥ ማጣሪያው ሊታፈን ይችላል። ለዚህ መጠባበቂያ የአየር በር አለ። በአዲሶቹ 172 ላይ የሞተሩ መሳብ ራሱ ይከፍተዋል፤ ከሞተሩ ሽፋን ሥር ያለ ያልተጣራ አየር ይገባል፣ ጥቂት ጉልበትም ይጠፋል። በሌሎች አውሮፕላኖች አብራሪው በእጁ የሚስበው እጀታ ነው። ሲገዙ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ በእጅ የሚከፈተው ሳይፈተሽ ብዙ ከቆየ ሊጣበቅ ይችላል።

ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በሞቃት ቀን የቆመን የጋለ ሞተር ማስነሳትም ያስቸግራል፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ስለሚተን። የመርጫዎቹ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑም ቆሻሻ ነዳጅ አይችሉም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ተማሪዎች ዛሬ በኢንጀክሽን ሞተር ይማራሉ፤ ፈቃዱን ካገኙ በኋላ ርካሹን የ1970ዎቹ 172 ይከራያሉ። እጃቸው ያንን እጀታ የመሳብ ልማድ የለውም። በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በረራ የሚማሩ ወገኖቻችን በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፤ የጸደይና የመኸር ወራት የዚያ አካባቢ አየር ካርቡሬተር በረዶ በሚወድበት የሙቀትና የእርጥበት ክልል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይውላል። ከአስተማሪ ጋር በካርቡሬተር አውሮፕላን ተጨማሪ ሰዓት መብረር የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው።

በቀላል አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው ሮታክስ 912 በሁለቱም መልኩ ይሠራል። የቆየው ሁለት ካርቡሬተሮች አሉት፤ አየሩን ከሞተር ሽፋን ሥር የሚወስድ ወይም ካርቡሬተሩን በሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚያሞቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ምንም ማሞቂያ የሌለው ከሆነ አልገዛውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 912 አይኤስ ኢንጀክሽን ነው፤ ሆኖም ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም።

ናፍጣ፦ አንዱን ፍርሃት በሌላ መለወጥ

ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ላይ ያለው ኦስትሮ ኤኢ300 ናፍጣ ሞተር ሲሆን የሚቃጠለው የጄት ነዳጅ ነው። ካርቡሬተር የለውም፣ ካንዴላ የለውም፤ አየሩም በተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ በሚያስገባው መሣሪያ፣ ሲታመቅ ይሞቃል። እንደ ኢንጀክሽን ሞተር ማጣሪያው ሊታፈን ስለሚችል መጠባበቂያ የአየር በር አለው። ከውስጥ በሚፈጠር በረዶ በኩል ካየነው ከፒስተን ሞተሮች ሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው።

ግን በረዶ ወደ ነዳጁ ይዞራል። ጄት ኤ-1 ነዳጅ የሚረጋው ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ነዳጁ ራሱ ለትንሽ አውሮፕላን አያሳስብም፤ የሚያሳስበው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2008 ከቤጂንግ የመጣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ለንደን ሂትሮው ሊያርፍ ሲል ሁለቱም ሞተሮቹ ጉልበት ያጡት ከነዳጁ ውሃ የተፈጠረ በረዶ የነዳጁን መተላለፊያ ስላጠበበው ነበር። ያ ትልቅ ጄት ነው፤ ከትንሹ ጋር የሚያገናኘው ግን ከበረራ በፊት ከጋኑ ሥር ናሙና ቀድቶ ውሃ መኖር አለመኖሩን ማየት ለናፍጣም ግዴታ መሆኑ ነው።

ሌላው ኤሌክትሪክ ነው። እነዚህን ሞተሮች የሚያዛቸው ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 በጀርመኗ ስፓየር ባትሪው ደክሞ በውጭ ኤሌክትሪክ የተነሳ ባለ ሁለት ሞተር ዳይመንድ ዲኤ42 ከመሬት ተነስቶ ጎማውን ሲያጥፍ የኤሌክትሪኩ ኃይል ለቅጽበት ወረደና ሁለቱም የናፍጣ ሞተሮች ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ማስተካከያ ተደርጓል፤ ትምህርቱ ግን ለብርዳማ ጠዋት በቀጥታ ይሠራል፤ ብርድ ባትሪን ያደክማል፣ በደከመ ባትሪ ተነስቶ መብረር በዚህ ሞተር ክልክል ነው።

እንደ ሴስና ካራቫን ያሉት ባለ ተርባይን አውሮፕላኖች ከዚህ ንጽጽር በዋጋቸው ስለሚርቁ አልፋቸዋለሁ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በኃይል እንዲታጠፍ አድርጎ ከባዱን በረዶና ውሃ ወደ ውጭ የሚጥል መለያ አላቸው፤ አብራሪው እርጥበት ከማግኘቱ በፊት ካልከፈተው ግን ጥቅም የለውም።

በደጋው ሰማይ

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ በረዶ ማውራት ለብዙዎች ትርፍ ይመስላል። በሐሩር ክልል አየሩ ከዜሮ በታች የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንሽ አውሮፕላን ክንፉ ላይ በረዶ እምብዛም አያይም። ካርቡሬተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የአዲስ አበባ አየር ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ሙቀትና በከባድ እርጥበት ውስጥ ይውላል፤ ይህ ካርቡሬተር በረዶ ለመሥራት ከሚፈልገው ክልል መካከል ነው።

ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከሩብ በላይ ጉልበቱን በስስ አየር ምክንያት ያጣል። በቀረው ላይ ማሞቂያ ሲከፈት ሌላ ይቀነሳል፤ የነዳጁና የአየሩ ቅልቅልም ነዳጅ ይበዛበትና ሞተሩ ይባስ ያንገጫግጫል። ስለዚህ በደጋ ላይ ማሞቂያውን ከፍቶ ነዳጁን በቅልቅል መቆጣጠሪያው መቀነስ አብሮ መሠራት ያለበት ሥራ ነው፤ በባሕር ዳርቻ አካባቢ የተማረ አብራሪ ይህን ላያውቅ ይችላል። ለደጋ በረራ ምርጫው በእኔ እጅ ቢሆን ባለ ተርቦ ናፍጣውን አስቀድማለሁ፣ ኢንጀክሽኑን አስከትላለሁ፤ ካርቡሬተሩን የምቀበለው የሙቀት መለኪያ ካለው ነው።

ችግሩ አየር ላይ ከመጣስ?

ያኔ ምርጫው የሞተር ሳይሆን የመንገድ ነው። ማሞቂያው ወይም መጠባበቂያው የአየር በር ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየተመለሰ ከሆነ፣ ወዴት ይሂዱ? ወደመጡበት መዞር ብዙ ጊዜ የሚሻለው ነው፤ ከኋላ ያለው አየር ምን እንደሚመስል ከደቂቃዎች በፊት አይተውታልና። መውረድ የሚመረጠው ሞቃት አየር ከታች ሲኖርና መሬቱ ሲፈቅድ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይገኛል። እንደ እንጦጦ ባለ ተራራ አጠገብ ግን ይህ ምርጫ የለም። ቁልቁል የሚወርዱም ከሆነ ጉልበቱን ጨርሰው አይቀንሱ፤ ማርሚታው ከቀዘቀዘ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል።

መውጣት የሚያዋጣው የደመናው ጫፍ ቅርብ ሆኖ የሞተሩ ጉልበት ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ጉልበቱ እየወረደ ባለ ሞተር ወደ ላይ መሞከር የቀረውን ፍጥነት መጣል ነው። አንድ የተለየ ሁኔታ አለ፤ ዝናብ ክንፉ ላይ እየረጋ ከሆነ ከላይ ከዜሮ በላይ የሆነ ሞቃት አየር አለ ማለት ነው፣ ዝናቡ ፈሳሽ ሆኖ የመጣው ከዚያ ነውና። ቢሆንም በረዶ የጫነ ትንሽ አውሮፕላን ከፍታ መጨመር ላይችል ስለሚችል፣ እንደጀመረ ወዲያውኑ ካልሆነ ይህን አልመክርም።

ሲገዙ ወይም ሲከራዩ የሚደረግ ፍተሻ

ካርቡሬተር ያለውን ከመረጡ፣ ሞቃቱን አየር የሚያመጣውን ቱቦ ባለሙያ ከፍቶ እንዲያይ ያድርጉ። የተቀደደ ወይም የወለቀ ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ያመጣል፤ እጀታው ግን እንደወትሮው ይሳባል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ለበረራ ፍተሻ ወደሚደረግበት ዙር ያውጡትና ማሞቂያውን ይክፈቱ። ዙሩ ጎልቶ ወርዶ እዚያው ከቆየ ማሞቂያው ይሠራል። ወርዶ ቀስ በቀስ ከተመለሰ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳለ በረዶ ተፈጥሮ ነበር፤ እስኪጸዳ ይጠብቁ፣ ለመነሳት ከመሰለፍዎ በፊትም ፍተሻውን ይድገሙት፣ ከዚያ ማሞቂያውን ዘግተው በሙሉ ጉልበት ይነሱ። ማሞቂያው ማጣሪያውን አልፎ አየር ስለሚያስገባ አቧራ ባለበት ሜዳ ፍተሻውን ያሳጥሩት። ዙሩ ጨርሶ ካልወረደ ሞቃት አየር ወደ ካርቡሬተሩ እየደረሰ አይደለም፤ ሻጩ ምንም ቢል፣ ሰማዩም ምንም ያህል ቢጠራ፣ ያ አውሮፕላን ሳይጠገን መነሳት የለበትም።